የፍቅረኞች ቀንና ቅበላ በአንድ ቅዳሜ፦ የካቲት 7ን በአነስተኛ በጀት እንዴት እናክብር?

የሰሚት ነዋሪ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለመድረኩ ተሳታፊዎች በሙሉ። ምክራችሁን የምሻበትን ጉዳይ በዝርዝር ስለማቀርብ ንባቡ ቢረዝምባችሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እኔና ባለቤቴ የተጋባነው ባለፈው ዓመት በጥር ወር ነው። እኔ በአንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ባለሙያ ስሆን፣ እርሷ በግል ትምህርት ቤት የአፀደ ሕፃናት መምህርት ናት። ከሁለታችን ደመወዝ ላይ የቤት ኪራዩ፣ ዕቁቡና ለእናቴ በየወሩ የምንልከው ሲቀነስ የሚተርፈው ገንዘብ ከወር ወር የሚያደርሰን በጥንቃቄ ሲያዝ ብቻ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ፣ ከዘይት ጀምሮ እስከ ልብስ ድረስ፣ ቀድሞ በያዝነው ስሌት የሚገዛ አልሆነም።

ዘንድሮ፣ በ2018 ዓ.ም.፣ የፍቅረኞች ቀን ቅዳሜ የካቲት 7 ይውላል። አምና ከሠርጋችን ብዙም ሳንርቅ ስለደረሰ ሳናስበው አለፈ፤ ዓርብ በመዋሉም የጾም ቀን ነበር። የዘንድሮው ግን ሌላ ነገር ተደርቦበታል፤ ዐቢይ ጾም ሰኞ የካቲት 9 ስለሚገባ ያ ቅዳሜና እሑድ ቅበላ ነው። እሑድ ወደ ባለቤቴ ወላጆች ቤት እንሄዳለን፤ ባዶ እጅ መሄድ ስለማይሆን ለዚያ ለብቻው ያስቀመጥነው ገንዘብ አለ። ከዚያ ውጪ ለሁለታችን ቀን የመደብኩት 1,500 ብር ብቻ ነው።

በዚህ ገንዘብ ባለቤቴ ደስ ብሏት የምትውልበትን ቀን እንዴት ላዘጋጅ? ይህ አንደኛው ጥያቄዬ ነው። ሁለተኛው ከዚህ ይከብደኛል፤ ስለ ቀኑ ሳነሣባት «ምንም አያስፈልግም» ብላኛለች፤ ይሁን እንጂ የሥራ ባልደረቦቿ በየዓመቱ የተሰጣቸውን ስጦታ በፎቶግራፍ እንደሚለዋወጡ አውቃለሁ። ቃሏን እንዳለ ልቀበለው ወይስ እንደ ምንም ብዬ አንድ ነገር ላድርግ? ብድር መበደር ወይም የዕቁቡን መክፈያ መንካት አልፈልግም፤ በዚህ ላይ ወስኛለሁ።

እንቡጥ ከባሕር ዳር

ወንድሜ፣ ከሁለተኛው ጥያቄህ ልጀምር፤ የመጀመሪያውም መልስ የሚገኘው እዚያው ውስጥ ነውና። ባለቤትህ መምህርት ናት፤ የቤታችሁን ገቢና ወጪ ከአንተ እኩል ታውቃለች። እንዲህ ያለች ሴት «ምንም አያስፈልግም» ስትል አብዛኛውን ጊዜ ፍላጎት የላትም ማለት አይደለም፤ የአንተን ጭንቀት አይታ ሸክሙን ልታቀልልህ ፈልጋለች ማለት ነው። አንተም ደግሞ እርሷን ላለማሳዘን ስትል ከአቅምህ በላይ ለማውጣት ታስባለህ። ሁለታችሁም አንዳችሁ ለሌላው ተጨንቃችሁ ሳለ ዝም በመባባላችሁ ብቻ ቀኑ የሁለት ሰዎች ፈተና ሊሆን ነው። እኔ በትዳር የቆየሁ ሴት ነኝ፤ በእንዲህ ዓይነት ቀን ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው ፍቅር ሳይሆን ይሉኝታ እንደሆነ በጎረቤቶቼም በራሴም ቤት አይቻለሁ።

ስለዚህ የገንዘቡን መጠን ሳትደብቅ ንገራት። «ምን ትፈልጊያለሽ?» ብለህ አትጠይቃት፤ ለዚህ ጥያቄ መልሷ ያው የመጀመሪያው ነው የሚሆነው። ይልቁንም «ቅዳሜ ለሁለታችን የተቀመጠ 1,500 ብር አለ፤ አብረን እንዴት እናሳልፈው?» በላት። ጥያቄው ማክበሩን ወይም አለማክበሩን ሳይሆን አከባበሩን የሚመለከት ሲሆን ሰው በነፃነት ይናገራል።

ብዙዎች ስጦታ ካልደበቁትና በድንገት ካልሰጡት ዋጋ የሌለው ይመስላቸዋል። በዚህ አልስማማም። በጋራ ኪስ በሚተዳደር ቤት ውስጥ ባል በድብቅ ውድ ስጦታ ሲገዛ የሚስቱንም ገንዘብ ሳይጠይቃት አወጣ ማለት ነው፤ የወሩ መጨረሻ ሲደርስ የምትቸገረው እርሷም ናት። አብሮ መወሰን ደስታውን አይቀንሰውም፤ እንዲያውም ቀኑ ከመድረሱ በፊት በነበሩት ምሽቶች ሁሉ እየተነጋገሩ መሰንበት የበዓሉ አካል ይሆናል።

ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ከፈለግህ ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ። ሳምንቱን ሙሉ ከትናንሽ ሕፃናት ጋር ስትጮህና ስትሮጥ የሰነበተች ሴት ቅዳሜ ጠዋት ከሁሉ በላይ የምትሻው ዕረፍት ነው። ጠዋት ተነሥተህ ልብሱን እጠበው፤ ቤቱን አስተካክለው፤ ከዚያም ቡናውን አንተው ቁላው፣ አንተው አፍላው፤ ከአቦል እስከ በረካ እርሷ ከመቀመጫዋ አትነሣ። ይህ ነገር በእኛ ቤት ሲደረግ ባለቤቴ ቡናውን ጥቂት ቢያሳርረውም እኔ ግን በሕይወቴ እንደዚያ ዓይነት ቡና ጠጥቼ አላውቅም።

የሆቴል ገንዘብ ያዥ

ከላይ ያሉት እኅታችን የተናገሩት እጅግ ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው ስለ ሒሳቡ ብቻ ነው። በአዲስ አበባ በሚገኙ የምግብ ቤቶች ገንዘብ ያዥ ሆኜ ስለምሠራ በዚያ ቀን ምሽት ወጣት ባልና ሚስት ደረሰኙን ሲያዩ ፊታቸው እንዴት እንደሚለዋወጥ በየዓመቱ አያለሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በብዙ ምግብ ቤቶች በምግብ ዝርዝሩ ላይ የተጻፈው ዋጋ የመጨረሻው ዋጋ አይደለም። በመጀመሪያ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ ከዚያም በድምሩ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታሰብበታል። ስለዚህ የ1,000 ብር ምግብ በደረሰኙ ላይ 1,265 ብር ይሆናል። 1,500 ብር የያዘ ሰው ከዝርዝሩ ላይ ማዘዝ የሚችለው እስከ 1,185 ብር ገደማ ድረስ ብቻ መሆኑን አስቀድሞ ቢያውቅ ሳይሸማቀቅ ይበላል። ለአስተናጋጅ ጉርሻ የሚተው ከሆነም ከዚሁ ላይ መቀነስ አለበት።

ሌላው ነገር፣ በዚያ ምሽት በርካታ ቤቶች መደበኛውን ዝርዝር አንሥተው ለሁለት ሰው የተወሰነ አንድ ጥቅል ብቻ ያቀርባሉ፤ ዋጋውም ከሌላው ቀን ይበልጣል። ደውሎ «የዕለቱ ዝርዝር ነው ወይስ ልዩ ጥቅል? ታክሱ ዋጋው ውስጥ አለበት?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ እኛም ስንጠየቅ በደስታ እንመልሳለን። ውጪ መብላት የግድ ከተፈለገ ደግሞ ቁርስ ወይም ምሳ ይሻላል። ያው ወንበር፣ ያው አስተናጋጅ ነው፤ ነገር ግን ግርግሩ የለም፣ ቤቱም ለመደበኛው ደንበኛ የሚሰጠውን ዝርዝር አላነሣም። በተለይ ዘንድሮ የቅበላ ቅዳሜ ስለሆነ ክትፎ ቤቶችና ሥጋ ቤቶች ከቀትር በኋላ መቀመጫ ይኖራቸዋል ብዬ አልጠብቅም።

ዘደብረ ብርሃን

ልጆቼ፣ ንግግራችሁን በአክብሮት ተከታትያለሁ፤ ነገር ግን ከሥሩ አንድ ነገር መጠየቅ ይገባል ብዬ አምናለሁ። ይህ ቀን ከእኛ ባህል የመጣ አይደለም። እኛ ወጣት በነበርንበት ዘመን ጎበዝ የወደዳትን ልጃገረድ በጥምቀት ዕለት በሎሚ ይወረውራት ነበር፤ አንድ ሎሚ ምን ያህል ያወጣል? ልጅቱም መፍቀዷን ወይም አለመፍቀዷን በዓይኗና በአኳኋኗ ትገልጥ ነበር። ለትዳር የሚሆነው ነገር ሁሉ በዚያ ይጀመር ነበር፤ ቀይ ሣጥንም ሆነ ልዩ ጥቅል አልነበረም። ችግራችሁ የገንዘብ ማነስ ሳይሆን የሰው በዓል መዋሳችሁ ነው። ይህን ቅዳሜ በቅበላነቱ ብቻ ብታከብሩት፣ ቤተሰብ ተሰብስቦ ጾሙን በሰላም ቢቀበል፣ ወጪውም ጭንቀቱም ይቀርላችሁ ነበር።

የስድስት ኪሎ ተማሪ

አባታችን፣ ስለ ሎሚው የነገሩን ደስ ያሰኛል፤ ቢሆንም በመደምደሚያዎ ላይ በትሕትና ልለይ። ቀኑ ከውጭ የመጣ መሆኑ እውነት ነው። የተሰየመበት ቅዱስ ቫለንታይን በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሮም የተሠዋ ሰማዕት ነው፤ ስለ ሕይወቱ በእርግጠኝነት የሚታወቀው እጅግ ጥቂት በመሆኑም የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ራሷ በ1969 እ.ኤ.አ. ከአጠቃላይ የበዓላት መቁጠሪያዋ አንሥታዋለች። ስለዚህ ዛሬ ወጣቱ የሚያከብረው ሃይማኖታዊ በዓል ሳይሆን የፍቅር መግለጫ ቀን ነው።

ወጪን በተመለከተ ግን የራሳችንም በዓላት ከዚህ ጭንቀት ነፃ አልነበሩም። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ብሂል የእኛው ነው፤ በበዓል ቀን አዲስ ልብስ ያልለበሰች ልጅ ምን ይሰማት እንደነበር መገመት ይቻላል። እንግዲህ ሰውን የሚያስጨንቀው የቀኑ መነሻ አገር ሳይሆን በዚያ ቀን ሰው ሁሉ ሲያየን ምን ይለን ይሆን የሚለው ሐሳብ ነው፤ ይህ ደግሞ በጥምቀትም፣ በፋሲካም፣ በሠርግም አለ። ሎሚውንም ቢሆን ማን ከለከለን? ለጥያቄ አቅራቢው ወንድሜ አንድ ሎሚ በኪስህ ይዘህ ውጣ ብዬ በቅን ልብ እመክረዋለሁ።

ለመዋያ ቦታ አንድ ሐሳብ አለኝ። አምስት ኪሎ የሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየምና ስድስት ኪሎ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም በእግር የሚያደራርሱ ናቸው። በመጀመሪያው ድንቅነሽን ታያላችሁ። ሁለተኛው የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን መኝታ ክፍሎች እስከ ዛሬ ለጎብኚ ይታያሉ። ለአገር ዜጋ የመግቢያው ክፍያ ከአንድ ምሳ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ከዚያ ወደ አራት ኪሎና ወደ ፒያሳ በተሠራው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ቀስ ብሎ መውረድ ይቻላል፤ ከመሸ በኋላ መብራቱም ያምራል። ጥንዶች ሬስቶራንት ውስጥ ሲቀመጡ የሚያወሩት ያልቅባቸዋል፤ እየተራመዱና እያዩ ግን ወሬ አያልቅም።

የአበባ እርሻዋ ከሆለታ

ሁላችሁንም በአክብሮት ሰላም እላለሁ። በአንድ የጽጌረዳ እርሻ ውስጥ በመቁረጫና በመለያ ክፍል ስለምሠራ ስለ አበባው የማውቀውን ልናገር።

እናንተ በየካቲት 7 የምታዩት ጽጌረዳ ከብዙ ሳምንታት አስቀድሞ በዕቅድ ተቆንጥጦ፣ አዲሱ ቅርንጫፍ በዚህ ሰሞን እንዲያብብ ተደርጎ ያደገ ነው። የሆለታ ቦታ ከፍ ያለና ቀዝቃዛ ስለሆነ አበባው ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ራሱም ትልቅ ይሆናል፤ በዚህ ምክንያት በአውሮፓ ይፈለጋል። ከጥር አጋማሽ በኋላ ሥራው ይበረታል። ጎሕ ሲቀድ ገብተን እንቆርጣለን፤ አበባው በቀዝቃዛ ክፍል ይቆያል፤ በግንዱ ርዝመት በሴንቲ ሜትር ይለያል፤ ታስሮም በማቀዝቀዣ መኪና ወደ ቦሌ አየር ማረፊያ ይሄዳል። ለበዓሉ የሚላከው አብዛኛው አበባ ቀኑ ከመድረሱ በፊት ተጭኖ ያልቃል፤ እዚያ ደርሶ ለመሸጥና ለመከፋፈል ጊዜ ያስፈልገዋልና።

ለእናንተ የሚጠቅመው ነገር ይህ ነው። በመለያ ጠረጴዛ ላይ ለውጭ ገበያ አይበቃም ተብሎ የሚቀር አበባ አለ፤ ግንዱ አጭር ስለሆነ፣ አንገቱ ትንሽ ስለተጠመዘዘ ወይም ራሱ ከተፈለገው መጠን ስላነሰ ብቻ የተለየ ነው። ይህ አበባ በአገር ውስጥ ገበያ በርካሽ ይገኛል፤ አጭር በመሆኑ ቶሎ አይጠወልግም፤ በብርጭቆ ውስጥ ሲቀመጥ እንዲያውም ከረጅሙ ይልቅ ያምራል። የምትጠነቀቁለት አንድ ጉድለት በአበባው ራስ ላይ የሚታይ ቡናማ ነጠብጣብ ነው፤ እርሱ ሻጋታ ነው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ስትገዙ አበባውን ከሥሩ፣ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ላይ፣ በሁለት ጣት ቀስ ብላችሁ ያዙት፤ ጠንከር ካለ ትኩስ ነው፣ ከለሰለሰ ቆይቷል። በወርቅማ ወረቀትና በሪባን የተጠቀለለውን ትታችሁ እስሩን እንዳለ ግዙ፤ ብዙ ጊዜ የምትከፍሉት ለወረቀቱ ነው።

እኛ ሠራተኞች ራሳችን በዚያ ሳምንት ቤታችን የምንገባው ደክመን ነው። እኔና ባለቤቴ፣ እርሱም እዚያው እርሻ የመስኖ ሠራተኛ ነው፣ ቀናችንን የምናከብረው ሥራው ከቀዘቀዘ በኋላ ባለው ሳምንት ነው። ዘንድሮ ያ ሳምንት ጾም ስለሆነ ሽሮና የተልባ ፍትፍት ይሆናል፤ ይህም ምንም አላጎደለብንም። ቀኑን ወደ ፊት መግፋት ማንንም አያስቀይምም፤ ሁለታችሁ ከተስማማችሁ የካቲት 14ም ያው ቀን ነው።

ስደተኛዋ ከሪያድ

ይህን ክር ሳነብ ባለቤቴን አስታወሰኝ፤ እርሱ ያለው ደሴ ነው፣ እኔ በሰው ቤት እሠራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ድረስ በዚህ አገር በዚህ ሰሞን ቀይ ጽጌረዳ ከሱቅ ይነሣ እንደነበር የቆዩ እኅቶች ነግረውኛል፤ አሁን ግን በየሱቁ መስተዋት ይታያል።

ባለፈው ጊዜ ባለቤቴ ከላክሁለት ገንዘብ ላይ ቀንሶ ውድ ሽቶ ገዝቶ በሰው ላከልኝ። ልቡን አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን ያ ገንዘብ እዚህ ሌሊት እየተነሣሁ ያገኘሁት ስለሆነ ሽቶውን በተቀባሁት ቁጥር ድካሜ ትዝ ይለኝ ነበር። በግልጽ ነገርሁት፤ እርሱም አልተቀየመም። አሁን ስምምነታችን እንዲህ ነው፤ ለዚያ ቀን የሚታሰበው ገንዘብ ወደ ባጃጁ መግዣ ይጨመራል፤ እኛ ደግሞ የዕረፍት ቀኔ በሆነው ዓርብ በስልክ እየተያየን አብረን ቡና እናፈላለን። ሳዑዲና ኢትዮጵያ ሰዓታቸው አንድ ስለሆነ ይህ ቀላል ነው። እርሱ ባጃጁ ላይ ስንት እንደደረሰ ደብተሩን ያሳየኛል። ለሌላ ሰው ይህ የፍቅር ወሬ ላይመስል ይችላል፤ ለእኔ ግን ወደ ቤቴ የምመለስበት ቀን እየቀረበ መሆኑን የሚነግረኝ ደብተር ከሽቶው ይበልጥብኛል። ስለዚህ ወንድሜ፣ የምትሰጣት ነገር ሁለታችሁ ከምትጠብቁት አንድ ነገር ጋር የተያያዘ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ወደ ቤት መግዣም ይሁን ወደ ትምህርት፣ በስሟ የምታስቀምጣት ትንሽ ገንዘብም ስጦታ ናት።

ቤተ እስራኤላዊው ከረሖቮት

የስድስት ኪሎዋ ተማሪ ስለ ቀሚስ ያነሣችው ነገር ከዚህ አንድ ነገር እንድጨምር አደረገኝ። እኛ በእስራኤል የምንኖር የራሳችን የፍቅር ቀን አለን፤ በአይሁድ አቆጣጠር የአቭ ወር 15ኛው ቀን ነው፣ እዚህ አገር በጋ በሆነበት ወቅት፣ ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ይውላል። ወላጆቻችን በጎንደር ሳሉ በዚህ መልኩ አያውቁትም ነበር፤ እዚህ ከመጣን በኋላ ልጆቻችን ያከብሩታል። የጥንት የአይሁድ ሊቃውንት የሕግ መጽሐፍ በሆነው በሚሽና ውስጥ ስለዚህ ቀን የተጻፈው እንዲህ ነው፤ የኢየሩሳሌም ልጃገረዶች ነጭ ልብስ ለብሰው በወይን ቦታዎች ለመጨፈር ይወጡ ነበር፤ ልብሱ ግን የራሳቸው አልነበረም፣ ሁሉም ከሌላ ይዋሱ ነበር፤ ምክንያቱም የሌላት ልጅ እንዳታፍር ነው።

የጥንት ሰዎች ይህን አስበው ሥርዓት ማድረጋቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሀብታሚቱም ደሃይቱም የተዋሰችውን ለብሳ ስትወጣ ማን ምን እንዳለው መለየት አይቻልም። ዛሬ ተቃራኒውን እናደርጋለን፤ የተሰጠንን ወዲያው ፎቶግራፍ አንሥተን ላልተሰጠው እናሳያለን። እኔና ባለቤቴ ስለዚህ አንድ ደንብ አለን፤ በዚያ ቀን ስላደረግነው ነገር የትም ቦታ ምንም አንለጥፍም። ይህን ከወሰንን በኋላ ወጪያችን በራሱ ቀነሰ፤ ለሌላ ሰው ዓይን ተብሎ ይገዛ የነበረው ነገር ሁሉ አያስፈልግም ሆነ። ጠያቂው ወንድሜ ስለ ባለቤትህ ባልደረቦች ላነሣኸው ሥጋት የምመክርህ ይህንኑ ነው፤ ከእርሷ ጋር ተስማሙና ቀኑን ለሁለታችሁ ብቻ አድርጉት።

የሲልቨር ስፕሪንግ ሾፌር

በአሜሪካ ነገሩ የንግድ ነው። በዚያ ሳምንት የጽጌረዳ ዋጋ ይወጣል፤ በማግሥቱ ደግሞ የልብ ቅርጽ ያለው ቸኮሌት ሁሉ በግማሽ ዋጋና ከዚያም ባነሰ ይሸጣል። ልጆች ያሉን ሰዎች ለክፍል ጓደኞቻቸው ሁሉ ካርድ እንድንገዛ ይጠበቅብናል፤ እኛ ቤት ልጆቹ ወረቀት እየቀደዱ ራሳቸው ይሠሩታል። እኔ በዚያ ምሽት ምግብ ቤት የሚሄዱትን ሰዎች ሳመላልስ አመሻለሁ፤ ገቢውም ጥሩ ነው። ከባለቤቴ ጋር የምንወጣው በሚቀጥለው ሳምንት መካከል ነው። የሆለታዋ እኅቴ የተናገረችውን ሳነብ በጣም ደስ አለኝ፤ አበባውን የምትቆርጠው እርሷም፣ እራት የሚበሉትን የማመላልሰው እኔም ቀናችንን ያስተላለፍነው በአንድ ምክንያት ነው።

ነጃት ከድሬዳዋ

አጭር ነገር ልበል። ለእኛም ዘንድሮ ረመዳን በዚያው የካቲት አጋማሽ ስለሚገባ ቤት ውስጥ የሚጠበቀው ወጪ ተምርና ዱቄት ነው። እኔና እጮኛዬ ከከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር አመሻሹ ላይ እንራመዳለን፤ ሻይ እንጠጣለን፤ ከዚያ ለአፍጥር የሚሆነውን ዕቃ ከገበያ አብረን እንገዛለን። አብሮ ገበያ መውጣት ሥራ ይመስላል እንጂ ሰው የሚተዋወቀው እዚያ ነው፤ እጮኛዬ ከነጋዴ ጋር በትሕትና ሲከራከር ያየሁት ዕለት ልቤ የበለጠ ወደደው።

የሰሚት ነዋሪ

እያንዳንዳችሁን ከልብ አመሰግናለሁ። ከባሕር ዳር የጻፉልኝን እኅቴን ምክር ተከትዬ ትናንት ማታ ከባለቤቴ ጋር ተነጋገርን፤ የገንዘቡንም ልክ ነገርኋት። መጀመሪያ ዝም አለች፤ ከዚያ በዩኒቨርሲቲ ሳለች በበሩ እያለፈች አንድም ቀን ያልገባችበትን የስድስት ኪሎውን ሙዚየም ማየት እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ሬስቶራንት በሚለው ላይ ግን አልተስማማችም፤ ከወላጆቿ ቤት በፊት በገዛ ቤታችን ቅበላ እንድናደርግ ትፈልጋለች፤ ከተጋባን ወዲህ የራሳችን የቅበላ ማዕድ ኖሮን ስለማያውቅ ነው። እኔ ይህን ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር። ከራሷም 500 ብር ጨመረችበት፤ እንቢ ስላት ቀኑ የአንተ ብቻ ነው ወይ ብላ ተከራከረችኝ፤ ተቀበልሁ።

ስለዚህ ጠዋቱ የዕረፍቷ ነው፤ ልብሱና ቡናው የእኔ ነው። ምሳ ቤታችን በልተን ወደ ስድስት ኪሎ እንሄዳለን፤ ሙዚየሙ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክፍት መሆኑን ደውዬ አረጋግጫለሁ። ከዚያ በእግራችን እስከ ፒያሳ ወርደን ማኪያቶ ጠጥተን እንመለሳለን። የገንዘቡ ዋናው ክፍል ማታ ለምንሠራው ክትፎ ሥጋና ቅቤ ይውላል፤ አይቡንና ጎመኑን እርሷ፣ ሥጋውን መክተፍ እኔ ተከፋፍለናል። ሥጋ ቤቶች ቅዳሜ ስለሚጨናነቁ ሥጋውን ማልጄ እገዛለሁ። ፎቶግራፍ ላለመለጠፍም ተስማምተናል፤ የረሖቮቱን ወንድሜን ጽሑፍ አንብቤላት ስለ ተዋሱት ልብስ ደጋግማ ጠይቃኛለች። የደብረ ብርሃኑ አባታችንም ቅበላችንን እንዳልዘለልነው ቢያውቁልኝ ደስ ይለኛል፤ ሎሚውንም ገዝቻለሁ።

ለሆለታዋ እኅቴ አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። አበባውን ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ብገዛው እስከ ቅዳሜ ማታ፣ ከተቻለም እስከ እሑድ፣ ሳይጠወልግ ማቆየት እችላለሁ? ማቀዝቀዣ የለንም።

የአበባ እርሻዋ ከሆለታ

ያለ ምንም ችግር ትችላለህ ወንድሜ፤ በደንብ የተያዘ ጽጌረዳ ሳምንት ይቆያል። ቤት እንደደረስህ ባልዲውን ወይም ብርጭቆውን በሳሙና እጠበው፤ አበባን ቶሎ የሚገድለው የቆሸሸ ውኃ ነው። ከግንዱ ጫፍ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል በስለታም ቢላዋ አግድም ሳይሆን ሰያፍ አድርገህ ቁረጥ፤ ውኃ ውስጥ አስገብተህ ብትቆርጠው ደግሞ ይበልጥ ይሻላል፤ ግንዱ አየር አይስብም። ውኃው የሚነካቸውን ቅጠሎች ሁሉ አንሣ፤ ከላይ ያሉትን ተዋቸው። በአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ጥቂት ጠብታ በረኪና ጨምርበት፤ ስኳሩ ይመግበዋል፣ በረኪናው ውኃው እንዳይበላሽ ያደርጋል። ማቀዝቀዣ ባይኖርህም የአዲስ አበባ ሌሊት በዚህ ወር ቀዝቃዛ ስለሆነ ማታ ማታ ፀሐይና ነፋስ በማያገኘው ጥግ፣ ከተቻለ በሲሚንቶ ወለል ላይ አስቀምጠው። ቅዳሜ ጠዋት ውኃውን ቀይርና ግንዱን እንደገና ትንሽ ቁረጥለት። ሙዝና ሌላ የበሰለ ፍራፍሬ አጠገቡ እንዳይሆን ተጠንቀቅ፤ ከፍራፍሬው የሚወጣው ጋዝ አበባውን ያረግፈዋል፤ ሎሚህንም ቢሆን ለየት አድርገህ አስቀምጠው።